ለክፉ ቀን የተቀመጠ ሙቀት

እታለም ማርሊስ፣

አሁን የምነግርሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ሐይቁ ከነበረዶው ይዋጠኝ!

ቤተ ክርስቲያን ሳለሽ የቤቱን ማሞቂያ አስቀየርኩልሽ። በነጻ! ሠራተኛው ዋጋ ሲጠራ ዓይን ዓይኑን ባየው ላብ አጠመቀው፤ «ጌታዬ፣ በቃ ይውሰዱት!» ብሎ ለመነኝ።

ስለዚህ ካፖርትሽን አውልቂ።

«ገንዘቤ ለክፉ ቀን ነው» ትያለሽ። በሰባ አራት ዓመትሽ፣ በገዛ ቤትሽ፣ ጓንት አጥልቀሽ ሾርባ እየጠጣሽ ክፉ ቀን ከዚህ ወዲያ ምን አድርጎ ይምጣ? ባንኩ እንደሆነ አይበርደው፤ ሌሊቱን ሙሉ የምታስዪው አንቺ ነሽ።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው። ማሞቂያውን እንዳታጠፊው።

ትናንት ቆንቋና ያልኩሽ... እንግዲህ ብርዱ ነው ያናገረኝ።

እኔ በረዶ የሠራው ሐይቅ ላይ፣ ጎትቼ በማቆማት የዓሣ ማጥመጃ ጎጆዬ ውስጥ ነኝ። ዛሬ አንቺን የሚያህል ዓሣ ይዤ ካልገባሁ ወንድምሽ አይደለሁም።

ዌንደል

ወይዘሮ ማርሊስ፣ ማሞቂያውን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ላብም አላጠመቀኝ፣ በነጻም አልሰጠሁም። የዌንደል ማጥመጃ ጎጆ በዋጋው ፈንታ መኪናዬ ላይ ተጭኗል።

ኦርቪል