አጥር ያልከለለው ጸሎት፦ የአቶ አምሀ ገብረእግዚአብሔር የሕይወት ታሪክ

አቶ አምሀ ገብረእግዚአብሔር ከአባታቸው ከአቶ ገብረእግዚአብሔር ዘበርጋ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርቅነሽ ሽብሩ፣ በሶዶ፣ ከጥያ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር በጥቅምት ወር 1947 ዓ.ም ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በአጥቢያቸው የኔታ ዘንድ ሲሆን፣ ከዚያም በቡኢ ከተማ ተምረው ስምንተኛ ክፍልን አጠናቀዋል። አባታቸው ሲያርፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ቡታጅራ መጡና በአንድ ወፍጮ ቤት በረዳትነት ተቀጠሩ። በ1978 ዓ.ም የራሳቸውን ወፍጮ ተክለው እስከ ሕመማቸው ድረስ በዚሁ ሥራ ቤተሰባቸውን አስተዳድረዋል።

በ1976 ዓ.ም ከወ/ሮ ወለተጊዮርጊስ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ሴት ልጃቸውን ምስጋናን እና ወንድ ልጃቸውን ግሩምን ወልደዋል።

የወፍጮው ጩኸት የአቶ አምሀን ጆሮ አድክሞት ነበር። ማታ ማታ ቤተሰቡን ሰብስበው ሲጸልዩ በለሆሳስ የሚናገሩ ይመስላቸው ነበር እንጂ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማቸው ነበር። ባለቤታቸው “የእግዚአብሔር ጆሮ እንዳንተ አልደከመም እኮ” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የሚሰሟቸው ግን በቆርቆሮ አጥር ብቻ የሚለያዩት ባለሱቁ ጎረቤታቸው አቶ ሸረፋ ነበሩ። አቶ ሸረፋ ሙስሊም ናቸው፤ ሆኖም ከብዙ ዘመን ጉርብትና የተነሣ የአባታችን ሆይን ቃል ከነቅደም ተከተሉ ያውቁታል።

በ2004 ዓ.ም ግሩም ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ቆረጠ። የአቶ ሸረፋ ልጅ ራምዚ ቀድሞ በዚያው መንገድ ሄዶ በሰላም ገብቶ ስለነበር፣ ግሩም አቶ ሸረፋን ለምኖ ከደላላው ጋር ተገናኘ። አቶ ሸረፋ ለልጁ በጎ ያደረጉ መስሏቸው ለአባቱ ሳይናገሩ ቀሩ። ግሩም ሞያሌ ሲደርስ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም።

አቶ አምሀ ደላላውን ያገናኙት አቶ ሸረፋ መሆናቸውን ሲሰሙ ሰላምታ ነሷቸው። ሌላም ነገር ሆነ። ማታ ሲጸልዩ የበደሉንን ይቅር እንላለን ከሚለው ቃል ሲደርሱ ዝም ይሉ ጀመር። ባለቤታቸውና ምስጋና ያችን ቃል ሲያደርሱ ይጠብቁና ከቀጣዩ ላይ ይገቡ ነበር። ያላደረጉትን አድርጌአለሁ ብለው በአምላክ ፊት መዋሸት አልፈለጉም። ድምፃቸው የሚቋረጥበትን ቦታ አቶ ሸረፋ ከአጥሩ ማዶ በየማታው ይሰሙት ነበር።

በአገራችን ልማድ ተጣልቶ መስቀልን መዋል ነውር ስለሆነ፣ በየዓመቱ በዋዜማው ሽማግሌዎች ወደ አቶ አምሀ ቤት ይመጡ ነበር። እሳቸውም አክብረው ያስቀምጧቸውና ልጄን ይመልስልኝ፣ ያኔ እታረቃለሁ ብለው ይሸኟቸው ነበር።

በዚህ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንድ ሰባኪ “እምነታቸው ጽኑ ቢሆን ኖሮ ልጃቸው ይመለስ ነበር” ማለታቸው ተሰምቷል። ሐዘንተኛ ፊት እንዲህ ያለ ቃል መናገር ድፍረት ነው፤ ትምህርቱም ስሕተት ነው። ጸሎት በአንድ በኩል እህል ጨምረው በሌላ በኩል ዱቄት የሚቀበሉበት ወፍጮ አይደለም። ወፍጮን ከማንም በላይ የሚያውቁት አቶ አምሀ እንኳ ሁለቱን አምታተው አያውቁም። ጌታችን በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ለምኗል፤ ጽዋው ግን አላለፈም። ሰባኪው የእርሱንም እምነት ሊመዝኑ ነው?

የጸሎት ፍሬ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ በአቶ አምሀ ላይ የሆነውን ይመልከት። በ2011 ዓ.ም የዐቢይ ጾም ወቅት ለባለቤታቸው እንዲህ ብለዋል፦ “እግዚአብሔርን ስለ ልጄ ልጠይቀው በቆምኩ ቁጥር፣ እሱ ስለ ሸረፋ ይጠይቀኛል።” ለብዙ ወራት ነገሩን ይዘውት ቆዩ።

በ2012 ዓ.ም የመስቀል ዋዜማ፣ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ቤተሰቡ ለጸሎት ቆመ። አቶ አምሀ ከዚያች ቃል ሲደርሱ ወ/ሮ ወለተጊዮርጊስ እንደ ልማዳቸው ሊቀበሏቸው አፋቸውን ከፈቱ። አቶ አምሀ ግን አላቆሙም። ቃሏን ቀስ ብለው፣ በዚያው በትልቅ ድምፃቸው እስከ መጨረሻዋ ተናገሯት። አቶ ሸረፋ ከአጥሩ ማዶ ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት እየታጠቡ ውዱእ ያደርጉ ነበር። እጃቸው በውኃ እንደራሰ መጥተው ከደጃፉ ቆሙ።

“አምሀ፣ ዛሬ አላለፍካትም” አሉ።

“አላለፍኳትም። ግባ፣ ደጅ አትቁም።”

“ሳልነግርህ ልጁን ሸኘሁት። አፉ በለኝ።”

“ብዬህ ነው የሰማኸው” አሏቸው አቶ አምሀ።

ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ሁለቱን ጎን ለጎን ተቀምጠው ስላገኟቸው መስቀልን መርቀው ከመሄድ በቀር ሥራ አልነበራቸውም።

ግሩም አልተመለሰም፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም። ይሁን እንጂ አባቱ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ሲጸልዩ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር፤ የተዉትን ቀልድም መልሰው ጀመሩት።

አቶ አምሀ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ በተመላለሱ ጊዜ ሁሉ አቶ ሸረፋ ሱቃቸውን ዘግተው አብረዋቸው ይሄዱ ነበር። የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም በተወለዱ በ70 ዓመታቸው፣ በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።

ይህ ታሪክ ሲዘጋጅ ግሩም በሕይወት ካሉት ጋር ይጻፍ ወይስ ይቅር የሚል ክርክር በቤተሰቡ መካከል ተነሥቶ ነበር። ነገሩን የቈረጡት አቶ ሸረፋ ናቸው። “አምሀ እስከ መጨረሻው ማታ ከሕያዋን ጋር ሲጠራው ሰምቻለሁ። እኔ ከዚያ አላወጣውም” አሉ።

ስለዚህ አቶ አምሀ ገብረእግዚአብሔር ባለቤታቸውን ወ/ሮ ወለተጊዮርጊስን፣ ልጆቻቸውን ምስጋና አምሀንና ግሩም አምሀን፣ የልጅ ልጆቻቸውን እንዲሁም ወንድማቸውን አቶ ሸረፋን ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ በቅዱሳኑ ዕረፍት ያኑር፤ ግሩምንም ባለበት ይጠብቅልን። አሜን።