ከቤታችን ሥር ያስቀመጥኩት ቅቤ

ሰኞ

ዛሬም ዘጋችው። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ባሌ መስፍን የኩሽናውን ቧንቧ እንደ ክር ቀጭን አድርጎ ከፍቶት ወደ ሥራ ሄደ፤ እኔ ታጥቤ ስወጣ ድርቅ ብሏል። እናቱ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው።

"እማማ፣ ቧንቧውን ዘጉት እንዴ?"

"ታዲያ ልጄ፣ ውሃ ዝም ብሎ ሲፈስ እያየ ሰው እንዴት ያስችለዋል? እኛ ሰፈር እኮ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው።"

ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሦስት ነው። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ቧንቧው ውስጥ በረዶ ይሠራል ብዬ እንደገና አስረዳኋት። "እሺ" አለች። የሷ እሺ አልሰማሁሽም ማለት ነው።

ፊት ለፊት እርስዎ ነው የምላት። እዚህ ደብተር ላይ ማንም አያየኝምና እሷ ናት።

የመጣችው ለስድስት ወር ነበር። ትናንት ግን መስፍን ቪዛዋ ገና ብዙ ዓመት ያስቆያታል፣ እዚሁ ከኛ ጋር ትሁን አለኝ። "አዲስ አበባ ማን አላት?" አለ። እውነቱን ነው፣ ማንም የላትም። እኔ ግን ሥራዬ የሰው እናት ማጠብ ነው። ሳበላ፣ ሳገላብጥ፣ ዳይፐር ስቀይር ውዬ ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ እናት ትጠብቀኛለች። አልችልም። እንድትሄድልኝ እፈልጋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ

ቅቤ አምጪልኝ አለችኝ። ስለዚህ ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ።

ጉድጓዱ የምንለው ከታችኛው ክፍል ወለል ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ካስልሪጅ በሚባለው ሰፈራችን እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። መቆም አይቻልም፣ በዳዴ ነው የሚገባው። የውሃ ቧንቧዎቹ በዚያ በኩል ያልፋሉ፤ እንዳይበርዳቸውም የቤቱ ማሞቂያ፣ ፈርነሱ፣ በአንዲት ቀዳዳ ሙቀት ይነፋባቸዋል።

ስትመጣ ስምንት ኪሎ ቅቤ ይዛ መጣች። ፍሪጁ አልበቃውም። ዩኒፎርሜ፣ ፀጉሬ፣ መኪናዬ ሁሉ ቅቤ ቅቤ አለ። ሥራ ቦታ ገላዋን የማጥባት አሮጊት አፍንጫዋን ይዛ ቺዝ ትሸቻለሽ አለችኝ። የዚያን ቀን ማታ ቅቤውን በሁለት ባልዲ ከድኜ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባሁት። ሙቀቱ ቢነፋበት ደግሞ ቀልጦ ሽታው ቤቱን ሊሞላው ነው፤ ስለዚህ ቀዳዳዋን በካርቶን ሸፍኜ ዙሪያዋን በፕላስተር ለጠፍኩ። ለመስፍን አልነገርኩትም። ምን ልበለው? የእናትህ ቅቤ ከረፋኝ?

ዛሬ ስገባ ትንፋሼ ይታየኝ ነበር። ቅቤው ድንጋይ ሆኗል። ጎበዝ አልኩ ራሴን። በማንኪያ ፈልፍዬ ወሰድኩላት፤ መረቀችኝ። ሳልሰማ ወጣሁ።

ረቡዕ

ፈነዳ።

ከሥራ ስገባ የታችኛው ክፍል ምንጣፍ እግሬ ሥር ጨቅ ጨቅ ይላል። መስፍን ቀድሞኝ ደርሶ ዋናውን መዝጊያ ዘግቶታል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ተኝቷል።

የተበላሸ፦ ምንጣፉ፣ ሁለት ሻንጣ የበጋ ልብስ፣ የሠርጋችን አልበም።
ያልተበላሸ፦ ቅቤው። ባልዲዎቹ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው ጠበቁኝ።

መስፍን እናቱ ላይ ጮኸ። "ማሚ፣ ሦስት ጊዜ ተነገረሽ! ለምን ሊስን አታደርጊም? ቤቴን አፈረስሽው እኮ!" ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እሷ ነጠላዋን ወደ አፏ ይዛ "አላወቅሁም ልጄ፣ አላወቅሁም" ትላለች።

ተው፣ እናትህ ናት ማለት ነበረብኝ። እኔ ያልኩት "ነግሬያቸው ነበር" ነው። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ላዘነ ሰው በሚሆን ድምፅ።

ሐሙስ

ፈረቃዬን ቀየርኩ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ልጠብቅ። ውሃ የለም። ለመጸዳጃ ቤት እንኳ የሚደፋ የለም። እሷ ግን ስነሳ ከበረንዳው በረዶ በድስት እየዛቀች እያቀለጠች ነበር። ይኼ ለዕቃ፣ ይኼ ለፊት፣ ይኼ ለሽንት ቤት ብላ ለይታ ደርድራዋለች። በዚህ ቤት ውሃ ሲጠፋ መኖር የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ይኼም አናደደኝ።

ታምራት የሚባል ሠራተኛ ከጎረቤት ከተማ ከኤርድሪ መጣ። ጴንጤ ነው፣ "ጌታ ይባርክሽ" እያለ በደረቱ ተስቦ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ጠራኝ። ባትሪውን ቧንቧው ላይ አበራልኝ፤ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል።

"ይሄ የልብስ ማጠቢያው መስመር ነው" አለኝ።

"የኩሽናው ቧንቧ ስለተዘጋ አይደለም?"

"ኖ፣ ኖ። የኩሽናው በዚያኛው ግድግዳ ነው የሚሄደው፣ እሱ ሰላም ነው። ቢከፈትም ቢዘጋም ይሄኛውን አያድነውም። ፕሮብለሙ ያውልሽ።" ባትሪውን ወደ ላይ አዞረ። ካርቶኔ። "ማነው ሙቀቱን ብሎክ ያደረገው? ይሄ ክፍት ቢሆን እዚህ ምንም አይፈነዳም ነበር።"

"እንጃ። ቤቱን የሸጡልን ሰዎች ይሆናሉ።"

ካርቶኑ ላይ ባለፈው ወር ያዘዝኩት የጫማ ማስቀመጫ ሥዕል አለ። ታምራት ሥዕሉን አየ፣ ባልዲዎቹን አየ። ካርቶኑን ገንጥሎ ሰጠኝ።

የተሰነጠቀውን ቆርጦ በአዲስ ቧንቧ ተካው፣ ዙሪያውን በስፖንጅ ጠቀለለው። ሲወጣ እሷ ሳሙና ይዛ ከበረዶው ካቀለጠችው ውሃ እጁን አስታጠበችው። "የልጄን ቤት አጥፍቼ ነበር፣ አንተ አዳንክልኝ" አለችው። ታምራት ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ፎጣ ላምጣ ብዬ ገባሁ።

ለመስፍን "ሠራተኛው ብርዱ ነው አለ" አልኩት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

ዓርብ

መስፍን ትኬቷን አስቀየረ። በሚቀጥለው ሐሙስ ትሄዳለች። "እሷም እዚህ አልለመደችም" አለኝ፣ እኔ ሳልጠይቀው። ለእሷ ሲነግራት አጠገባቸው ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። "እሺ" አለች። ይኼኛው እሺ እውነተኛ እሺ ነበር።

አሸነፍኩ ማለት ነው። የእሷን ክፍል ምን እንደማደርገው አሰብኩ፦ የልብስ መተኮሻ፣ ትንሽ ሶፋ፣ በሩ የሚቆለፍ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከሥራ ስመለስ ሻንጣዋን አልጋዋ ላይ ከፍታ ታጣጥፋለች። ባዶ የቅቤ ላስቲኮቹን አጥባ አድርቃቸዋለች፣ ይዛቸው ልትመለስ።

ቅዳሜ

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ምሳ ላይ ታምራት ለመስፍን ደወለ። ቧንቧው እንዴት ሆነ ሊል ነው የደወለው፣ ክፋት የለውም። መስፍን ስፒከር ላይ አደረገው። "ያቺን የሙቀት ቀዳዳ እንዳትዘጓት አደራ፣ ጉዳቱን ያመጣው እሱ ነው" አለ ታምራት።

መስፍን ስልኩን ዘግቶ "ምን ቀዳዳ?" አለ። ቀጥሎ ወደኔ ዞረ። "ማነው የዘጋው?"

እጁ እንደ ረቡዕ ዕለቱ ጠረጴዛው ላይ ተጨብጧል።

"እኔ ነኝ" አለች እናቱ። "ቅቤው እንዳይቀልጥብኝ።"

ይህች ሴት ጉልበቷ አይታጠፍም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ ሲሰግድ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ጉድጓዱ ውስጥ በዳዴ ገባሁ ብትል ማን ያምናታል? መስፍን ጉልበቷን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ረጅም ጊዜ። "ኦኬ" አለ። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ። ሦስታችንም እናውቃለን።

በኋላ ክፍሏ ድረስ ሄድኩ። ይቅርታ ልላት ነበር መሰለኝ፣ ግን ከአፌ የወጣው "ለምን እንደዛ አሉ?" ነው።

ከማጣጠፉ ቀና አላለችም። "እኔን ተቆጥቶ ጨርሷል። እኔ ሐሙስ ሄጃለሁ። አንቺን ከጀመረ ግን አያቆምም። አባቱን አውቀዋለሁ፣ እንዲሁ ነበር፤ ስድስት ሰባት ዓመት ደህና ሰው ነበር።"

መቀነቷን አቀበልኳት።

እሑድ

ብርዱ ለቀቅ አለ። ከጣሪያው ይንጠባጠባል። መስፍን ጉድጓዱን ራሱ ገብቶ አየው፤ ሲወጣ ባልዲዎቹን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጣቸው። ከዚያ ሻይ አፈላልኝ። ስኳር ስንት ብሎ ጠየቀኝ፣ እያወቀ።

ቤተ ክርስቲያን እሷን ሊሰናበቷት የመጡት ሁሉ ለምን ቸኮሉ ይሏታል። "ቤቴ ናፈቀኝ" ትላለች። አንዴም ቤቴ ናፈቀኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም።

ለሐሙስ አራት ቀን ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት ከመስፍን ጋር የምቀረው እኔ ብቻዬን ነኝ። ዛሬ መኪና ውስጥ ትኬቱን እንዲያስቀረው ልለምነው ፈለግሁ። እናትህ ትቅር፣ እዚሁ ትኑር ልለው። ለምን ቢለኝስ? ያለኝ ምክንያት አንድ ነው፣ እሱን ደግሞ እፈራለሁ። ቤት እስክንደርስ በመስኮት ስመለከት መጣሁ። እሷ ከኋላ ተቀምጣ ለሁለታችንም ትጸልያለች።