የሞርሳውና የአባታችን ነገር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ገሠሠ፣ ደብረ ታቦር።

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በብርድ የሚጠዘጥዝዎ ጉልበትዎስ? ባለቤትዎ እትዬ ዘሪቱ፣ እናታችን፣ ልጅዎ ሩሐማ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደብዳቤዎ እስኪደርሰኝ ድረስ ደህና ነበርሁ። ካነበብሁት ወዲህ ግን ይህን መልስ ስጽፍና ስቀድ ሰንብቻለሁ።

ሩሐማን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሎች መጥተዋል፤ እሰየው። ነገር ግን አባታችን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ ብዬ እንድጽፍ፣ እርስዎም በሽማግሎቹ ፊት እንዲያነቡት መጠየቅዎ ምን የሚሉት ድፍረት ነው? ጸሐፊው እርስዎ ነዎት። ጠብመንጃ እየጠገነ ያስተማርዎ ግን የአባታችን እጅ ነው። ጠብመንጃ መጠገን መጀመሬንም የቀጥቃጭ ዘር ያሰኘናልና ተወው ብለው አዘዙኝ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት እንደ እርስዎ ያለ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሞርሳ ስፈልግ በሰነበትሁበት ሳምንት ነው። ፈቃዴን አውጥቼ ጋራዤ ውስጥ የጠብመንጃ መጠገኛ ጠረጴዛ ሠርቻለሁ፤ የቀረኝ ብረቱን ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ ብቻ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ቶሎሳ አዲሱን ግዛ፣ ዋራንቲ አለው እያለ ነዘነዘኝ። አዲሶቹ ያብረቀርቃሉ እንጂ መንጋጋቸው እኩል አይገጥምም። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ፣ አንድ ዝገት የበላው ከባድ ሞርሳ አገኘሁ። አባታችን ያደርጉት እንደነበረው በመንጋጋው በአንዱም በሌላውም ጫፍ ስስ ወረቀት እያስገባሁ አጥብቄ ዘጋሁና ሳብሁት፤ ንቅንቅ አላለም። መንጋጋው እኩል ይገጥማልና ገዛሁት። የጠብመንጃው ሰደፍ እንዳይላጥ መንጋጋውን ቆዳ እንደማለብሰው ስነግረው፣ ባለ ሱቁ ይህን ማን አስተማረህ አለኝ። አባቴ፣ ጠብመንጃ ጠጋኝ ነበሩ አልሁት። ሰውየው ከመቀመጫው ተነሥቶ ጨበጠኝ። እዚህ አገር አሥራ አራት ዓመት ስኖር ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ለካ እኔም እንደ እርስዎ አፍሬባቸው ኖሬያለሁ! በራሴም ተናደድሁ።

በሽማግሌ ፊት የሚነበብ ደብዳቤ ፈልገው ነበር፤ እንግዲህ ይህን ያንብቡላቸው። አባታችን ሕሩይ ባለ እጅ ነበሩ። ቀደው እንዳይጥሉት፣ ቅጂውን ለሽማግሎቹ አለቃ ለአቶ አምባቸው ዛሬውኑ በፖስታ ልኬላቸዋለሁ።

እናታችንን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ፤ እርስዎ ባላቸውን ጸሐፊ ሲሏቸው ዝም ብለው መስማታቸው አንጀቴን በልቶታል። እትዬ ዘሪቱን ሰላም ይበሉልኝ፤ በእርሳቸው ቅያሜ የለኝም። ሩሐማን ደግሞ፣ በአያትሽ ሞያ አፍሮ የሚሸሽ ባል ሳያገባሽ ይሽሽ ብሎሻል አጎትሽ ይበሏት።

የባለ እጁ ልጅ
ብርሃነመስቀል ሕሩይ
ኖርክሮስ፣ አትላንታ
ኅዳር 9 ቀን 1994 ዓ.ም.