«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» ላሉኝ ሰብሳቢ

ለተከበሩ የእንዚራ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ የመግቢያ ፈተና ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የላስታ ውርጭ ከደጃፍዎ አይድረስ፤ በተለይ ጆሮዎን ከብርድም ከነፋስም ይጠብቅልዎ፤ እንጀራዎ እሱ ነውና። እኔ ባለፈው ነሐሴ በፊትዎ ቆሜ ቫዮሊን የተፈተንኩት ትሕትና ገብረ ዮሐንስ ነኝ። ፊቴን ላያስታውሱት ስለሚችሉ ልርዳዎት፦ ከላሊበላ መምጣቴን በነገርኩዎት ጊዜ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጥሩ እይታ ያለው የትኛው ሆቴል እንደሆነ አጥብቀው የጠየቁኝ ልጅ ነኝ።

ውጤቴን በቴሌግራም ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ተፈታኟ ደጋግማ ታቋርጣለች። ብቻዋን ለመጫወት ዝግጁ አይደለችም።» ሁለተኛውን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። መሳቁንም ማልቀሱንም ያደረግሁት ብቻዬን ስለሆነ፣ ቢያንስ ለዚያ ዝግጁ መሆኔን ኮሚቴው ቢመዘግብልኝ ደስታውን አልችለውም። በደንባችሁ መሠረት በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዬ ስለሚያልፍ፣ ከእንግዲህ የቀረኝ ይግባኝ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት የጻፍኩልዎትን ደብዳቤዎች ዝም አይነቅዝም ብለው ስላቆዩልኝ ደግሞ፣ ይህንን በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ ትዕግሥቴ ማለቂያ ይቁጠሩልኝ። ቅሬታዬን እንደ መሥሪያ ቤትዎ ወግ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የምዝገባ ማስታወቂያዎ ተፈታኝ ሁሉ የመምህሩን ፊርማ ይዞ እንዲቀርብ ያዛል፤ መልካም ደንብ ነው። መምህሬ ጋሽ ሀቢብ ግን ካቻምና አርፈዋል። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በአንድ ቲያትር ቤት ሁለተኛ ቫዮሊን ሲጫወቱ ኖረው፣ በስተርጅና ላሊበላ ገበያ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ፣ እኔንና የእህታቸውን ልጅ ኡሙሀኒን ከጣቃው መሀል አቁመው ቫዮሊን ያስተማሩን ሰው ናቸው። መሞታቸውን በስልክ ለጸሐፊዎ ባስረዳ፣ እንግዲያው ተተኪያቸው ይፈርሙ የሚል መልስ ተሰጠኝ። ወይ ጉድ! የጋሽ ሀቢብ ተተኪ በላስታ ምድር ቢፈለግ ከኔ በቀር ስላልተገኘ፣ ራሴው ስለራሴ ፈርሜ ላክሁ፤ ማንም ልብ ስላላለው ኮሚቴውን ከልብ አመሰግናለሁ።

፪. ማስታወቂያው ከተዘረዘሩት ሥራዎች አንዱን አጥንታችሁ ቅረቡ ይላል፤ ኖታው ግን ከቢሮዎ በአካል ተቀርቦ የሚወሰድ ነው። መንገዱ ተከፈተ ሲባል የሚዘጋበት ወራት ስለነበር በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ ብዬ ለመንኩ፤ አሠራራችን አይፈቅድም ተባልኩ። ደግነቱ በመምህር የጸደቀ ሌላ ሥራም ይቻላል የሚል መስመር ስላለ፣ ያለኝን ያዝኩ። ያለኝም ጋሽ ሀቢብ ለሁለታችን በእጃቸው የጻፉት የሁለት ቫዮሊን ዜማ ነው። አንደኛው ድርሻ የኡሙሀኒ፣ ሁለተኛው የኔ። እሷ ስትጫወት እኔ ዝም እላለሁ፣ እኔ ስመልስ እሷ ትሰማለች፤ አብረን የምንገባው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው።

ጋሽ ሀቢብ ዕድሜ ልካቸውን ሁለተኛ ሆነው ስለኖሩ ከዜማው ይልቅ ለዝምታው ይጨነቁ ነበር፤ ደጋንሽን ዝቅ፣ ጆሮሽን ቀና አድርጊ፣ ጊዜውን በሆድሽ ቁጠሪ ይሉኝ ነበር። አባቴ መሪጌታ ገብረ ዮሐንስም፣ መጀመሪያ ይህ ደግሞ ምን የሚሉት መሰንቆ ነው ብለው ፊታቸውን ቢያዞሩም፣ ተራዬን ቆሜ ስጠብቅ ባዩ ጊዜ ለዘብ አሉ። እሳቸው የኖሩት በማሕሌት ግራና ቀኝ ቆመው ሲቀባበሉ ነውና፣ የወዲያኛው ወገን ሲያዜም ዝም ያለ ሰው ተራውን ጠበቀ እንጂ አላቋረጠም ይላሉ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ፣ ታዲያ ለምን አንደኛውን ድርሻ አጥንተሽ አልመጣሽም የሚል ብልህ ጥያቄ እንደሚያነሱ አውቃለሁ። ጋሽ ሀቢብ ሲሞቱ ሱቁ ተዘጋ፤ ኡሙሀኒም ሪያድ ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። የሄደች ዕለት ቫዮሊኗንና ኖታዋን አልጋዬ ሥር አስቀምጣ፣ አብሽሪ፣ ወላሂ እመለሳለሁ፣ እስከዚያው ያንቺን እንዳትረሺው አለችኝ። ኖታው አለኝ፤ ማንበብም እችላለሁ። ግን በሕይወት ያለ ሰው ድርሻ አይወረስም። የሷን የተጫወትኩ ቀን፣ አትመጣም ብዬ የፈረድኩባት ይመስለኛል። ይልቅ ቫዮሊኗን በየሳምንቱ አውጥቼ እቃኘዋለሁ፣ ስትመጣ ክሩ ላልቶ እንዳትከፋብኝ። የኔ ክር ሲበጠስ የክራር ክር አስሬበታለሁ፤ ከሷ ግን አንድም አልፈታሁም።

፫. ይህ ሦስተኛው እናንተን አይመለከትም፤ ግን ከተነሳሁ አይቀር ልናገረው። በግቢያችን የአባቴ ተማሪዎች ዜማ ሲቀጽሉ፣ ትምህርታቸውን ሲደጋግሙ ስለሚውሉ እዚያ ቫዮሊን ማሰማት አይቻልም፤ ጎረቤቱም የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ወጣች እያለ ከንፈሩን መምጠጥ ከጀመረ ቆይቷል። ስለዚህ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ሥር እየሄድኩ አጠና ነበር። ተሳላሚዎች ሲያልፉ ትንሽ ተጫውቼ ረጅም ዝም ስል ያዩኝና፣ የምለምን መስሏቸው እግሬ ሥር ብር ይጥሉልኛል። እግዜር ይስጥልኝ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? አንዲት እናት ግን ብር አልጣሉልኝም፤ ምነው ልጄ፣ ጠፋብሽ እንዴ ብለው ጠየቁኝና፣ እስክቀጥል ድረስ ዘንጋቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆመው ጠበቁ። ስገባም እሰይ ብለው መንገዳቸውን ሄዱ። ኡሙሀኒ ከሄደች ወዲህ ዝምታዬን እስከ መጨረሻው የጠበቀልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለፈተና ኮሚቴ አባልነት ቢታጩ ድምፄን እሰጣለሁ።

ኡሙሀኒ አንድ ቀን ከሪያድ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የቤቱ እመቤት እንዳትሰማት ኩሽና ገብታ፣ የቧንቧውን ውኃ ከፍታ፣ አንደኛውን ድርሻ ከዳር እስከ ዳር በአፏ አንጎራጎረችልኝ። የኔ ተራ ሲደርስ ዝም ትላለች፣ ውኃው ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ ልክ በቦታዋ ትገባለች። ያረቢ፣ አንዴ እንኳ አልሳተችም! ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይጠራም፤ ቤተሰቧም የት እንዳለች አያውቁም። በጣም ናፍቃኛለች፤ ይህንን በመሥሪያ ቤት ቋንቋ እንዴት እንደሚጽፉት አላውቅም።

፬. ፈተናው ዕለት፣ ስልኬን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ የኡሙሀኒን ድምፅ ከፍቼ፣ ከሷ ጋር እንድጫወት አጎንብሼ ጠየቅሁ። ስልክ ክልክል ነው አሉኝ። ደንብ ነው፣ አልተቀየምኩም፤ በቀኝዎ የተቀመጡት የኮሚቴ አባል በዚያው ቅጽበት ስለ መኪና ጎማ በስልክ ይነጋገሩ ስለነበር፣ ደንቡ የተፈታኞች ብቻ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ዜማው የሚጀምረው በኡሙሀኒ ነውና፣ ቫዮሊኔን ይዤ፣ ደጋኔን ዝቅ አድርጌ፣ በሆዴ እየቆጠርኩ ቆምኩ። ጀምሪ እንጂ አሉኝ። ጀምሬ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ገባሁ፤ ስጨርስም ለሷ ለቀቅሁላት። ከሁሉ ረጅሙ ዝምታ ላይ ስደርስ ጨረስሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አልጨረስኩም ብል፣ ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ አሉኝ። ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ በሆዴ መቁጠሬን ቀጠልኩ። አምስታችሁ ስታዩኝ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የተሰማኝ ብቸኝነት ባሕር ዛፉ ሥር እንኳ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ እዚያ ቢያንስ ማንም ሙዚቃ አውቃለሁ አላለኝም። ከዚያ እናመሰግናለን፣ ቀጣይ አሉ።

ውጤቱን ለአባቴ ባነብላቸው፣ ሰዎቹ ማሕሌት ቆመው አያውቁም ማለት ነው ብለው ዳዊታቸውን አነሱ። እኔ ግን እንደሳቸው በቀላሉ አልተውኩትም። ክቡርነትዎ በገና ማለዳ ከመላው ኮሚቴ ጋር ወደ ከተማችን ብቅ እንዲሉልኝ እጋብዛለሁ። በቤተ ማርያም አፋፉ ላይ የተሰለፉት ካህናት ሲያዜሙ፣ ከታች ግቢው ውስጥ ያሉት ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ የታችኞቹ ሲመልሱ የላይኞቹ ዝም ይላሉ። ከስንት አገር የመጣ ሕዝብ በውርጭ ቆሞ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ኮሚቴው ቅጹን ይዞ ከሕዝቡ መሀል ይቁምልንና፣ «የታችኞቹ ደጋግመው ያቋርጣሉ፤ ብቻቸውን ለማዜም ዝግጁ አይደሉም» ብሎ ይመዝግብልን። በዚያውም ጥሩ እይታ ያለው ሆቴል አሳይዎታለሁ።

ለጥያቄዎ መልሱ ዘግይቶም ቢሆን ይኸው፦ የምጠብቀው ሰው ነው። ኮንሰርቫቶሪ ልግባ ያልኩት ለዲፕሎማው አይደለም፤ በእናንተ ግቢ ከአንድ በላይ ቫዮሊን እንዳለ ስለሰማሁ ነው። ብቻዬን መጫወትማ እዚህ መች አነሰኝ? አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ሌላውን እጅ ፍለጋ እናንተ ዘንድ ድረስ መጣሁ። እናንተም ገና ብቸኝነት አልበቃሽም ብላችሁ መለሳችሁኝ።

ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜ፣ ለአባላቱ የማይቆራረጥ ኔትወርክና የማይበሳ ጎማ፣ ለክቡርነትዎም ከሁሉም ወገን የሚያሳይ መስኮት እየተመኘሁ፣ ለማዳመጥ ስለሞከሩባት ለዚያች አጭር ጊዜ ያለኝን የማይከፈል ምስጋና እያቀረብኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ትሕትና ገብረ ዮሐንስ
ሁለተኛ ቫዮሊን
(አንደኛዋ ለጊዜው ከአገር ውጭ ናት)
ላሊበላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅር ያለው ተፈታኝ በድምፅ ቅጂ ይግባኝ ማለት ይችላል ስለሚል ደንባችሁ፣ ቅጂዬን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። መጀመሪያው ላይ ምንም ባይሰማዎ ኔትወርክ ሄደ ብለው እንዳይዘጉት፤ ጀምሬያለሁ። የኡሙሀኒንም ኖታ ፎቶ አንስቼ አያይዤዋለሁ፤ በውሰት ነው፣ ስትመጣ ይመለስላታል። እንግዲህ ከአምስታችሁ አንዱ ቫዮሊን ያንሳና ይጀምርልኝ። የሚጀምርልኝ ከጠፋ ደግሞ፣ እባክዎን በዚያው ቅጽ ላይ ከኮሚቴው ስም ትይዩ «ደጋግሞ አቋርጧል» ብለው ይሙሉልኝ። እኔ እንደሆነ ቆጥሬ በቦታዬ እገባለሁ።