«ተዘግተዋል» ብለው የፈረሙት፤ የአቶ እንግዳወርቅ ሳህሉ የሕይወት ታሪክ

አቶ እንግዳወርቅ ሳህሉ ከአባታቸው ከአቶ ሳህሉ ወልደአምላክ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አጸደ በ1946 ዓ.ም. በጎሬ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ተምረው፣ አዲስ አበባ ሄደው በቅየሳ ሙያ ተመረቁ። ከወ/ሮ ሸዋረገድ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሩሃማና ኖህን አፍርተዋል።

በ1975 ዓ.ም. በኢሉባቦር ገጠር በተከፈተ አነስተኛ የድንጋይ ከሰል ማውጫ በቀያሽነት ተቀጠሩ። ሦስቱንም ጉድጓዶች ለክተው ያስቆፈሩት እርሳቸው ናቸው። ማውጫው ገዢ አጥቶ በ1984 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆም የመጨረሻውን ሪፖርት እንዲጽፉ ታዘዙ። ሁለቱ ጉድጓዶች በአፈር ተሞሉ። ሦስተኛው ግን ክረምቱ መኪና አላስገባ ብሎ፣ አፉ በግንድና በቆርቆሮ ተከድኖ፣ ላዩን ስስ አፈር ለብሶ ቀረ። እርሳቸውም «ሦስቱም ተዘግተዋል» ብለው ፈረሙ። ሥራው ቆሟል ማለታቸው ነበር፤ ሦስተኛው አለመሞላቱን ለመግለጽ ግን አንድ መስመር ለመጨመር ሰነፉ።

በኋላ ቦታው ለመኖሪያ ሲመራ ሪፖርቱን ያነበቡት ሰዎች ጉድጓዶቹ ተደፍነዋል ብለው ተረዱት። በ1989 ዓ.ም. መምህር ኪዳኔ የተባሉ ሰው እዚያ የሠሩት ቤት ከነወለሉ ሰመጠ፤ ሕይወታቸውም አለፈ። አቶ እንግዳወርቅን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ዕድሜ ልካቸውን ውስጥ ውስጡን የበላቸውም ይኸው ነው።

በ1993 ዓ.ም. ከነቤተሰባቸው ወደ አሜሪካ መጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ፣ አሌክሳንድሪያ በፓርኪንግ ሠራተኝነት እስከ ጡረታ አገልግለዋል። በሰፈራቸው አስፋልት በተቦረቦረ ቁጥር ካውንቲው ጋ ይደውሉ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሞልተው እስኪጨርሱም ከአጠገቡ አይነሱም። እኛ የእህት ልጆቻቸው እንስቅባቸው ነበር። በሩንም «መልሱት» እንጂ «ዝጉት» ብለው አያውቁም። ልጆቻቸው የገጠር አማርኛ ይመስላቸው ነበር።

ምክንያቱን የሰማነው የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ካዋላቸው በኋላ፣ ይህን ታሪክ ሲያጽፉን ነው። ኖህ አሳዝነውት፣ ስለ «ተዘግተዋል» «ዳዲ፣ ዋን ወርድ እኮ ነው፤ ስኪፕ እናድርገው» ቢላቸው፣ «እኔም አንድ መስመር ዘልዬ ነው ሰው የገደልኩት» አሉት።

አቶ እንግዳወርቅ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2025 በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። እግዚአብሔር አስቀድሞ የመምህር ኪዳኔን፣ ቀጥሎም የእርሳቸውን ነፍስ ይማር። ቅደም ተከተሉ የራሳቸው ኑዛዜ ነው።

በዚህ አገር ሳጥኑ ወርዶ በምንጣፍ ይሸፈንና፣ አፈሩ የሚገባው ሰው ከሄደ በኋላ ነው። አቶ እንግዳወርቅ ይህ እንዳይደረግባቸው አደራ ብለዋል። አካፋ ተዘጋጅቷል። እባካችሁ፣ ጉድጓዱ ሞልቶ ከመሬቱ እኩል እስኪሆን ድረስ ማንም ወደ መኪናው አይሂድ።