የ«ቤት ለቤት» ሳቅ ባለቤት አጭር የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከአባታቸው ከሲኒማ ቤቱ ፊልም አጫዋችና ከእናታቸው ከሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ፣ በ1948 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ቤታችንና ሲኒማ ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋሩ ነበር። ፊልሙን ማየት ባንችልም ድምፁ አልጋችን ድረስ ይመጣል። እህታችን ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው «አሁን በሩን ገነጠለው፤ አሁን ደግሞ ልታስታርቃቸው መጣች» እያሉ ለእኔ ለታናሽ ወንድማቸው ይተርኩልኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ከፊልሞቹ አንዳንዶቹን ትኬት ቆርጬ አየኋቸው። የእህቴ ይሻል ነበር።

ወደ ቀጣዩ ከማለፌ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ። ለዛሬው ሥነ ሥርዓት ሬዲዮ ጣቢያው የራሱን የሕይወት ታሪክ አዘጋጅቶ ልኮልን ነበር። በዚያ ጽሑፍ መሠረት እህታችን «ለፕሮግራሙ መሳካት የበኩላቸውን አስተዋጽኦ ያበረከቱ ትጉህ የቴክኒክ ባለሙያ» ናቸው። እኔ በሙያዬ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። በቀይ እስክሪብቶ ማረም ጀምሬ ገጹ ሲያልቅ ከትውልድ ዘመናቸው በቀር ሳይሰረዝ የቀረ ቃል አልነበረም። እሱንም በአንድ ዓመት አሳስተውታል። ስለዚህ እንደ አዲስ ጻፍኩት። አንቱታን በተመለከተ፣ ዛሬ የምሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነውና ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው።

እህታችን ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤቶች አጠናቀው በ1969 ዓ.ም. በሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያው በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ድምፅ ቅንብር ክፍል ተዛወሩ። ይህ ክፍል በቴፕ የተቀዳ ድምፅ በምላጭ እየተቆረጠ በማጣበቂያ የሚቀጠልበት፣ መስኮት የሌለው፣ ሁለት ወንበር የማያስገባ ክፍል ነው። እጃቸው ከመፍጠኑ የተነሣ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ምላጭ» ይሏቸው ነበር፤ እኛ ቤት ግን እስከ መጨረሻው እትዬ ናቸው። በ1973 ዓ.ም. ከአንድ የሒሳብ መምህር ጋር ትዳር መሥርተው፣ በ1976 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን ወለዱ።

«ቤት ለቤት» የተባለው ፕሮግራም በ1975 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ የእህታችን ነበር። ስለ ዘፈንና ፊልም የሚያወራ ፕሮግራም ሞልቷል። የእሳቸው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያ ዘፈን፣ ያ ፊልም ሰው ቤት ገብቶ ምን አደረገ? የጣቢያው ኃላፊ ሐሳቡን ወደደው። ድምፃቸውን ግን አልወደደውም። «ድምፅሽ ይሻክራል፤ ለጊዜው እሷ ታቅርበው» ብሎ ዛሬ በመጀመሪያው ረድፍ ጥቁር መነጽር አድርጋ የተቀመጠችውን አቅራቢ መደበ። ይህ «ለጊዜው» የፈጀው ሃያ ስምንት ዓመት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። እህታችን ከባዱን መቅጃ በግራ ትከሻቸው አንጠልጥለው ሰው ቤት ይሄዳሉ። ጠይቀው፣ አስለቅሰውና አስቀው ይመለሳሉ። ከዚያ መስኮት አልባው ክፍል ገብተው የራሳቸውን ድምፅ ከቴፑ ላይ በምላጭ እየቆረጡ ይጥላሉ። አቅራቢዋ ስቱዲዮ ተቀምጣ ጥያቄዎቹን ከወረቀት ታነባለች፤ ንባቧ እህታችን በቆረጡት ክፍተት ይገባል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አገር ሁሉ ሲያዳምጥ፣ አቅራቢዋ የጭነት መኪና ሾፌሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ካሴቱ ማጫወቻው ውስጥ ተቀርቅሮበት አራት ዓመት አንድ ዘፋኝ ብቻ እንዴት እንደሰማ የምትጠይቀው ይመስላል። ፀጉር አስተካካዩም እንዲሁ። ይህ ሰው የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ ፀጉር እንደ አንድ የፊልም ጀግና የቆረጠ ነው፤ የሚያይበት የጀግናው ፖስተር ለሁለት የተቀደደ ስለነበር የጭንቅላቱን ሌላ ወገን ከራሱ ፈጥሮ ነበር። አቅራቢዋ ሾፌሩንም ፀጉር አስተካካዩንም በዓይኗ አይታቸው አታውቅም። የፕሮግራሙ ስም «ቤት ለቤት» ነው፤ እሷ ግን ከስቱዲዮው በር አልፋ አታውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ተረኛዋ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሙሽራዋ የለበሰችውን ቀሚስ ለስልሳ ደንበኞች ሰፍታ፣ በድራማው ሙሽራው ጥሎ ሲጠፋ ደንበኞቿ ገደ ቢስ ነው ብለው ቀሚሱን ተሸክመው መጡባት። ይህን ስትናገር እህታችን ራሳቸውን መግታት አልቻሉም። ከሆድ የሚነሣው፣ መሐል ላይ ተቋርጦ አለቀ ሲሉት እንደገና የሚጀምረው ሳቃቸው ከልብስ ሰፊዋ ንግግር ጋር ተደራረበ። ሳቁን ለመቁረጥ ሁለት ሰዓት ታገሉ። ሳቁ ሲቆረጥ የሴትዮዋ ቃል አብሮ ይሄዳል። የሰው ታሪክ ከሚበላሽ ብለው ተዉት።

እስከ ረቡዕ ሰባ ደብዳቤ ገባ። ሁሉም ስለ አቅራቢዋ ሳቅ ነበር። ኃላፊው እህታችንን ጠርቶ «ሳቁን እንዳትነኪው፤ ጥያቄሽን ግን መቁረጥሽን ቀጥዪ» አላቸው። በፕሮግራሙ መግቢያ ሙዚቃ ላይ ሳቁ ተጨመረ። አቅራቢዋም በሳቋ ታወቀች። በየድግሱ «እስቲ ያቺን ሳቅ ሳቂልን» ስትባል ጉንፋን ይዞኛል ትል ነበር። ለሃያ ስምንት ዓመት ጉንፋን ያልለቀቃትና በሕይወት ያለች እሷ ብቻ ትመስለኛለች።

እህታችን ልጃቸው ትምህርት ቤት «በሬዲዮ የምትስቀው እናቴ ናት» ብላ በመምህሯ ውሸታም ስትባል፣ በ1984 ዓ.ም. ለጣቢያው ማመልከቻ ጻፉ። የጠየቁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ በፕሮግራሙ ማብቂያ ላይ ቃለ መጠይቁን ያደረገው ማን እንደሆነ እንዲነገር። ከአራት ወር በኋላ «ጥያቄዎ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣ። በ2003 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡም በመታየት ላይ ነበር። ኮምፒዩተር መጥቶ ምላጩ ሲቀር፣ እህቴ በገዛ እጃቸው የራሳቸውን ድምፅ ከቅጂው መቁረጣቸው አልቀረም። እኔም ከጥፋቱ ነፃ አይደለሁም። ማመልከቻውን ሊያሳዩኝ ሲመጡ «እትዬ፣ ተዪው ባክሽ፤ ከእንጀራሽ ትጣያለሽ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ማመልከቻ አልጻፉም። ይህ ሲቆጨኝ ይኖራል።

በ1995 ዓ.ም. የፕሮግራሙ ሃያኛ ዓመት በትልቅ አዳራሽ ተከበረ። ባለ መቶ ሃያ ገጽ የፕሮግራሙ ታሪክ ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ እህታችን ያሉት በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ነው፤ ያውም ክርናቸው ብቻ። ልብስ ሰፊዋ መድረክ ላይ ተጋብዛ ስትወጣ አቅራቢዋ «የጥንት ወዳጄ!» ብላ አቀፈቻት። ልብስ ሰፊዋ ግራ ገብቷት «ይቅርታ የኔ እመቤት፣ አላወቅሁሽም። ያቺ ሳቂታዋ ልጅ የት አለች?» አለች። አዳራሹ ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈረሰ። እህታችን ከምሰሶው ጀርባ ተቀምጠው ነበር። ያን ቀን አልሳቁም።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ሳቁም አብሮ ወጣ። አድማጮች «ምነው አኮረፍሽን?» እያሉ ይጽፉ ጀመር። ጣቢያው ሁለት ዓመት በድሮ ቅጂ ሲያታልል ቆይቶ፣ በ2005 ዓ.ም. «ጊዜው የወጣቱ ነው» ብሎ ፕሮግራሙን ዘጋው። ወጣቱ ምን እንዳጠፋ እስካሁን አልገባኝም።

እህታችን በ2015 ዓ.ም. ባለቤታቸውን በሞት ካጡ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ንግግራቸው ተያዘ። ልጃቸው የእናቷን ድምፅ ፍለጋ ጣቢያው መዝገብ ቤት ሄዳ ስድስት ወር አዳመጠች። ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ በላይ ቅጂ ውስጥ እናቷ የተናገሩት አንዲት ሙሉ ቃል የለም። ሳቃቸው ብቻ አለ። መናገር ያቃታቸው እህታችንም መሳቅ አላቃታቸውም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው የልጅነት ጉዷን ስታወራላቸው ከት ብለው ሳቁ። ከኮሪደሩ ማዶ አንዲት ነርስ መድኃኒት እንደያዘች ሮጣ መጣች። «የ‹ቤት ለቤት›ዋ ሴትዮ እዚህ ነው እንዴ የተኛችው?» አለች። ልጃቸው «አዎ፣ እሷ ናት» አለቻት። እህታችን የነርሷን እጅ ይዘው አለቀሱ። በዕድሜ ልካቸው ከአድማጮች መካከል በሥራቸው ያወቃቸው አንድ ባዳ ሰው ይህችው ነርስ ናት፤ እናመሰግናታለን።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ተቀብሎ፣ እዚህ የተነፈጉትን ጆሮ እዚያ ይስጥልን። ለእኛም መጽናናቱን ያድለን።

በመርሐ ግብሩ መሠረት ቀጥሎ ያለው የአቅራቢዋ ንግግር ነው። ሰባት ደቂቃ ጠይቃለች፤ ልጃቸውና እኔ ተመካክረን ፈቅደናል። ንግግሯን ከመጀመሯ በፊት ግን፣ በስሟ የኖረውን ሳቅ አንድ ጊዜ እንድትስቅልን እንጠይቃለን። ጉንፋን ይዟት ከሆነ ደግሞ፣ እህቴ በማመልከቻ የጠየቁትን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራ ትቀመጥ። ማይክሮፎኑ ተከፍቷል።