ዲፈረንሻሉ ተገጠመ

ለወንድሜ ለእንድሪስ ሙዘይን፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። የአሰብ ሙቀት እንደምን ይዞሃል? ጤናህስ? ባለፈው የጻፍክልን ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሌሊት ያስነሳሃል? እናታችን ትኩስ ነገር እየጠጣ ይሆን እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ምን ብዬ ልመልስላት። እኛ እስከዚህ ደብዳቤ ድረስ በጀሊሉ ፈቃድ አለን። የሐይቅ ሰው ሁሉ እንደየአቅሙ አለ። የከፋበትም አለ፤ እሱን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

በሾፌሩ በአያሌው እጅ ለመኪናዋ የላክኸው ኩሽኔታ ደርሶናል። አንድም ጭረት የለበትም። ስለእሱ ነው የምጽፍልህ።

የጭነት መኪናችን ኤንትሬዋ የቆመችው ከመርሳ ስመለስ የአምባሰልን ዳገት ስወጣ ነው። መጀመሪያ ከኋላ እንደ ሰው ማቃሰት ጀመረች፤ ቀጥሎ አንድ ጊዜ ጮኸችና መንቀሳቀስ እምቢ አለች። ተጎትታ ግቢያችን ገባች። ጎረቤታችንን ጋሽ ወልዴን ታውቃቸዋለህ፤ ጋራዥ ከተዉ ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጣል እንጂ ዓይናቸው እንዳለ ነው። ከስር ገብተው የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ዲፈረንሻል አዩና ዘይቱ በተበላው የጎማ ማሸጊያ በኩል ተሟጥጦ ወጥቷል፣ ኩሽኔታው ተፈጭቷል፣ ትልቁና ትንሹ ጥርስ ግን ተርፈዋል አሉኝ። «ኩሽኔታ ካገኘህ እዚሁ ግራሩ ስር እንሠራዋለን» አሉ። ለአንተ የጻፍኩት ያኔ ነው።

ኩሽኔታው እስኪመጣ የዲፈረንሻሉን ጭንቅላት ከጎረቤት ጋር ተጋግዘን አወረድነው። እያንዳንዱን በናፍታ አጥበን ማዳበሪያ ላይ ዘረጋነው። ከትንሹ ጥርስ ኋላ የሚገቡ ስስ የብረት ቀለበቶች አሉ፤ ጥርሱ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ጋሽ ወልዴ ለብቻ አስቀምጥ ብለውኝ በጣሳ ክዳን ላይ አኖርኳቸው። ኩሽኔታው በመጣ ማግስት ልንገጥም ስንል ቀለበቶቹ የሉም። ግቢውን በሙሉ አበጠርን፤ ዶሮዎቹ የሚጭሩትን አፈር ሳይቀር በወንፊት ነፋን። ጋሽ ወልዴ «ያለነሱ ብገጥመው መርሳ ሳትደርስ ጥርሱን ይበላዋል» ብለው እጃቸውን ታጥበው ሄዱ።

አባባ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያዩን ነበር፤ አላገዙንም። እሳቸው መኪናዋ እንድትሠራ እንደማይፈልጉ አውቃለሁ። የጎረቤት መኪናዎች ለዘመቻ ከነሾፌራቸው ተጠርተው ወደ ሰሜን ሄደዋል። የቆመች መኪና አትጠራም። «ትሁን ባለችበት፤ ዝገት አይገድልም» ይሉኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አክስታችን ኑርሀያት ከአምባሰል ወርዳ ደረሰች። በእግሯ ነው የመጣችው። ትልቋን ልጅ በእጇ፣ ትንሹን በጀርባዋ ይዛለች። መካከለኛዋን ሂንድን መንገድ ላይ ቀብራታለች። ይህን የነገረችን ከተቀመጠች በኋላ ነው፤ አላለቀሰችም፤ ውሃ ስጡኝ እንደማለት ነው ያለችው። ባሏ ከብቱን ትቼ አልሄድም ብሎ ቀርቷል። እናታችን ስለ እርዳታው እህል ጠየቀቻት። «እህሉ ኮምቦልቻ ደርሷል አሉን፤ የሚያወጣልን መኪና ጠፍቶ ነው እንጂ» አለች።

አባባ ይህን ሰሙ። ከዚያ ተነሱና ወደ ግራሩ ሄዱ። ከኩታቸው ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈትተው ማዳበሪያው ላይ አኖሩ። ቀለበቶቹ ነበሩ። «መኪናዋ ልጄን ይዛብኝ እንዳትሄድ ብዬ ነበር፤ እነዚያም የሰው ልጆች ናቸው። ወልዴን ጥራው» አሉኝ። ሄጄ ጠራኋቸው።

ጋሽ ወልዴ ማን እንደደበቃቸው አልጠየቁም። ኩሽኔታውን መትተን ቦታው አስገባን፣ ቀለበቶቹን መለስን፣ ጥላሸት በዘይት ለውሰን ጥርሶቹን ቀብተን አዞርነው። ጥርሶቹ የተነካኩበት ምልክት መሐል ላይ መሆን ሲገባው ወደ ጥርሱ ሥር ወርዶ ተገኘ። አዲሱ ኩሽኔታ ከአሮጌው ይወፍራል ማለት ነው። ያንን ሁሉ እንደገና ፈትተን አንዷን ስስ ቀለበት አወጣን። አሁን ምልክቱ መሐል ዋለ። ትልቁን ጥርስ ከግራ እያላላን ከቀኝ እያጠበቅን አስጠጋነው፤ በእጃችን ስንነቀንቀው ጥቂት ይላወሳል። እኔ ልጨምርበት ስል ጋሽ ወልዴ እጄን ያዙኝ። «ተወው፤ ጥርስና ጥርስ መሐል ትንፋሽ ያስፈልጋል። ያለ ትንፋሽ ከሞቀ ይነክሳል» አሉ።

ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ሞከርኳት። አባባ ከኋላ ጭነቱ ቦታ ላይ ጆሯቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ስቆም ወረዱና «አትጮህም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከኮምቦልቻ ውጫሌ እህል ሳመላልስ ቆየሁ። አክስታችን ልጆቿን ለእናታችን ትታ በመጀመሪያው ጭነት፣ ከጆንያው በላይ ተቀምጣ ወጣች። ባሏን በሕይወት አግኝታዋለች። ከብቱ አልቋል።

የፈራነውም አልቀረም። መኪናዋ ከነሾፌሯ ተጠርታለች፤ የፊታችን ሰኞ ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ ላይ እንሄዳለን። ባለቤቴን ዘይቱናን ታውቃታለህ፤ ይህን እንደሰማች ተነሳች። በዘይት የጠቆረውን ልብሴን ወደ ሐይቁ ወስዳ አጥባ መጣች። አባባ ጽሕፈት ቤት ሄደው በልጄ ፈንታ እኔ እነዳለሁ ብለው ነበር፤ ዕድሜዎ አልፏል ብለው መለሷቸው። እንግዲያው ረዳት ሆኜ እሄዳለሁ ብለዋል። እኔም አልከለከልኳቸውም፤ ብከለክልስ መቼ ይሰሙኛል።

ወንድሜ፣ ቤቱ ያለ ወንድ ሊቀር ነው። ከወደቡ ፈቃድ ከሰጡህ ና። አብሽር፤ እኛም በጤና እንመለስ ይሆናል። መኪናዋ ያለ እኛ ከተመለሰች ግን ወዲያው አትሽጣት። ከኋላ ዘይቷን አፍስሰህ እይ። የብረት ብናኝ ካለው ለጋሽ ወልዴ አሳያቸው። ንጹሕ ከሆነ ሙላና ንዳት፤ አምባሰል ገና አልጠገበም።

እናታችን ፈዲላ እጅህን በእጇ ይዛ ሰላም ትልሃለች። አባባ ዱዓ አርግልን ብለዋል። ዘይቱና ለሳልህ ማር ልካለች፤ አያሌው ይዞልሃል። የአክስታችን ልጆች ባያውቁህም ሰላም ብለዋል። ጋሽ ወልዴ ኩሽኔታው ደግ ዕቃ ነው ብለዋል፤ እሱም የሳቸው ሰላምታ ነው።

ወንድምህ ጠሃ ሙዘይን
ሐይቅ፣ ጥር 1977 ዓ.ም.